የሠራተኛ ሰፈር ትምህርት

ከ2016 ዓ.ም. በፊት ለጉዳይ ከመካነ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ወርጄ ነበር። በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎቴን አድርሼ ስወጣ፥ አንድ ወዳጄ «ሠራተኛ ሰፈርን ሳታይ አትመለስ» ብሎ ይዞኝ ሔደ። መንገዱ ጠባብ፥ ቤቱ የጭቃ፥ ጣራው ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነበረ። ከአንዱ በር ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር።

በዋና ከተማችን ብዙዎቹ ሰፈሮች፥ እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉት፥ በመኳንንት ስም ይጠራሉ። ይህ ግን የተጠራው በሥራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ሰፍረውበት ነበርና።

ስሙን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁ። በቦረና ደጋ ሕፃን ሳለሁ፥ ማረሻ ለማሠራት ወደ ባለ እጁ ስላክ፥ «ዐይን ለዐይን እንዳትተያዩ፥ ቡዳ ነው» እባል ነበር። እርሱ በቀጠቀጠው ማረሻ አርሰን እንበላለን፤ ከእርሱ ጋር ግን እንጀራ አንቆርስም። መምህር ከሆንሁም በኋላ፥ የአንድ አንጥረኛ ልጅ ወደ ክፍሌ ገብቶ ጓደኞቹ ቢሸሹት፥ ጠብ ያበረድሁ መስሎኝ ለብቻው አስቀመጥሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ቀረ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን «ጠይብ»፥ «ፋቂ» እያሉ መስደብን ከልክለው፥ የሁላችንም አባት አዳም፥ እናታችንም ሔዋን መሆናቸውን አሳስበው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም የምታስተምረው ይህንኑ ነው። የደብተራ ኦሪትን ንዋይ የሠራው ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት አንጥረኛ ነበር። የእመቤታችን ጠባቂ ዮሴፍ አናጢ፥ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበሩ። ታዲያ በመቅደስ መስቀሉን ተሳልመን፥ በገበያ መስቀሉን የሠራውን እጅ የምንጸየፍ በምን ሕግ ነው?

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ሔደዋል። ቤት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ክፉ ስም ግን በልጅ አፍ ካደገ አዋጅም አያፈርሰው። የሚፈርሰው በምድጃ ዳር፥ እናትና አባት ለልጃቸው በሚናገሩት ቃል ነው።

ከአዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ወደዚያ አንጥረኛ ቤት ሔድሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም ወናፉን አቁሞ መደቡን በጋቢው ጠረገና «የኔታ፥ ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥሁ፤ ከቤቱም እንጀራ አብረን ቆረስን። ልጁ በማግስቱ መጣ። እኔም በፊተኛው ወንበር፥ በሁለት ጓደኞቹ መካከል አስቀመጥሁት።