ቀለበቷን ከኋላ የያዘው ምንድን ነው?

“ቲቸር፣ ገመዱ ተበጥሶ ነው እኮ” አሉኝ። አልተበጠሰም። ገመዱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው። የተነቀለችው ገመዱ የታሰረባት ቀለበት ናት፤ ያውም መዳፍ የምታክል ላሜራ ቦጭቃ ይዛ።

እዚሁ ዋጃ መንገድ ዳር፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ገመድ ሲያጠብቅ በጀርባው የወደቀው ረዳት ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው። ክንዱ ተሰብሯል። ነፍሱ ተርፋለች፣ ተመስገን። ግን ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ “ዕድሉ ነው” ሲል ዝም ማለት አቃተኝ። ዕድሉ አይደለም ወገኖቼ፣ የእኛ ሥራ ነው!

አንድ ነገር ላውጋችሁ። ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር ሳለሁ ጣና ዳር ጀልባ ስመለከት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባዋ ገመዷን ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ደግሞ ትስባለች። ገመዱ የተጠመጠመው ደግሞ ሁለት ቀንድ ባላት፣ ከስንዝር በማትበልጥ ብረት ላይ ነው። “ይቺ እንዴት ቻለችው?” ብዬ ጠየቅኩ። ጀልባ ነጂው ስቆ ከስር ያለውን ክዳን ከፈተልኝ። ቡሎኖቹ የጀልባዋን ወለል ዘልቀው ወርደዋል፤ ከስር ሌላ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ሮንዴላውና ዳዶው የታሰሩት እሱ ላይ ነው። ውሃ እንዳይገባም ቀዳዳው በሲሊኮን ተደፍኗል። “ከላይ በቪቴ ብቻ ብነክሳት አንድ ማዕበል አይበቃትም” አለኝ።

በዓለም ላይ ጀልባ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ገመድ የሚታሰርበትን ነገር የሚይዘው ከላይ የሚታየው ብረት ሳይሆን ከኋላ ያለው ነው።

እናንተ እኔ ያስተማርኳችሁ፣ ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነው ብለን አልነበር? በ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ላይ ያለች ዳዶ ብቻዋን ስትሆን ላሜራውን የምትጫንበት ስፋት ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከኋላ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ብረት ብታስገቡ ያው ጭነት 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ይበተናል። ይኸው ነው ነገሩ! ለፈተና ሸምድዳችሁት፣ ብየዳ ቤት ስትገቡ በር ላይ ጥላችሁት ገባችሁ።

አሁን ደግሞ ጭነቱን እንመልከት። 10 ኩንታል ማለት 1,000 ኪሎ ነው። መኪናው 30 ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢዞር ያ ጭነት ወደ ጎን የሚገፋው 100 ኪሎ ያህል ነው። በ40 ቢዞርስ? እጥፍ እንዳይመስላችሁ፣ አራት እጥፍ ነው፤ 400 ኪሎ ገደማ። እስኪ ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣውን የግራ ካህሱን ጠመዝማዛ አስቡት። ያን ሁሉ ኩርባ፣ ቀጭን ላሜራ ላይ ነካ ነካ ተደርጋ የተበየደች ቀለበት ታምነን እንወጣለን!

“ስንት ዓመት ሠርቶ የለ፣ ምን ሆነ?” ትላላችሁ። ላሜራ የሚሰነጠቀው በአንድ ቀን አይደለም፤ ብየዳው ጠርዝ ላይ በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እየተሰነጠቀ፣ ዝገት እየበላው ቆይቶ ነው አንድ ቀን የሚለቀው። እስከ ዛሬ መቆየቱ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

“ደንበኛው ርካሽ ነው የሚፈልገው” ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይፈልጋል። ባለመኪናውም ከጥፋቱ ነፃ አይደለም። ግን ቁራጭ ብረቱ እዛው የሱቃችሁ ጥግ ወድቆ ነው ያለው። የሚጨመረው አራት ቀዳዳ፣ አራት ቡሎን፣ የግማሽ ሰዓት ድካም ነው። ደንበኛው ከኋላ ያለውን ስለማያይ አይጠይቃችሁም። ባለሙያ የተባላችሁት ግን እሱ የማያየውን እንድታዩለት ነው።

“ሾፌሩ ሲበር ነው” የምትሉም አላችሁ። ተማሪዬ የወደቀው መኪናው ቆሞ እያለ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በያጆች፣ ቀለበቷን ከተቻለ የካሶኒው ዋና ብረት ላይ አድርጓት፤ ላሜራ ላይ ከሆነች ከኋላዋ ወፍራም ብረት አስገቡላት፣ በቡሎን እሰሩ፣ ቀዳዳውን ቀለም ቀቡት። ረዳቶች፣ ገመድ ከመሳባችሁ በፊት ቀለበቷን በእጃችሁ ነቅንቋት፤ ዙሪያዋ የዝገት መስመር ካያችሁ ሰውነታችሁን አትስጧት። ባለመኪኖች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስታሠሩ “ከኋላው ምን አለ?” ብላችሁ ጠይቁ።

እግዚአብሔርም አላህም ይጠብቀናል፤ አምናለሁ። ግን ዳዶ አጥብቅልን ብለን አንለምነውም፤ ለዚያ እጅ ሰጥቶናል።

ብየዳ ቤት ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ተቆጥቼ ከሆነ ይቅርታ። ያን ልጅ ሆስፒታል አይቼው መምጣቴ ነው። የምትሠሩበትን መንገድ ከታች ጻፉልኝ፤ ተሳስቼ ከሆነም አርሙኝ። ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉት።