ጥንድ ቴኒስ ትርፍ ጨዋታ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ልጆች የቀረበው በር እሱ ነው

በኢትዮጵያ ስለ ቴኒስ በተነሳ ቁጥር የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እስቲ መጀመሪያ አንድ ኮከብ ይውጣ!» ኮከቡ ግን አይወጣም፤ የሚወጣበት መንገድ አልተጠረገማ። መንገዱ ደግሞ ሁሉም ከሚያየው ከዊምብልደን አይጀምርም። የሚጀምረው ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ከማያውቀው ከቻሌንጀር ውድድር፣ እዚያም ውስጥ ብዙ ሰው ከሚንቀው ከጥንድ (ዳብል) ጨዋታ ነው።

ቻሌንጀር በወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ሁለተኛው እርከን ነው። ከላይ ትልቁ የኤቲፒ ውድድር አለ፤ ከታች ጀማሪዎች የሚፋለሙበት የአይቲኤፍ ውድድር አለ፤ ቻሌንጀር በመካከል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኪጋሊ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ዝቅተኛውን ደረጃ፣ ቻሌንጀር 50ን አዘጋጀች። በዓመቱ ወደ 75 እና ወደ 100 ከፍ አለች። ብራዛቪልና አቢጃንም አዘጋጅተዋል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው፣ የአህጉሩ ትልቁ አየር መንገድ መነሻ የሆነችው አዲስ አበባ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

«ከፍታው አይመችም» የሚል ምክንያት ይቀርባል። ቦጎታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ቻሌንጀር ታዘጋጃለች። «ተጫዋች የለንም» የሚል ደግሞ አለ። አዘጋጅ አገር ደረጃቸው ለማያስገባቸው የራሱ ልጆች ዋይልድ ካርድ መስጠት ይችላል። ድግሱን ያልደገሰ ግን ማንን ይጠራል?

ጥንድ ጨዋታ ዋናው የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቻሌንጀር 50ን በነጠላ ያሸነፈ 50 ነጥብ ያገኛል። በጥንድ ያሸነፉትም እያንዳንዳቸው 50 ነጥብ ያገኛሉ። ነጥቡ እኩል ሆኖ ገንዘቡ ግን እኩል አይደለም፤ የጥንዱ ሽልማት ከነጠላው በብዙ ያንሳል፣ እሱም ለሁለት ይካፈላል። ንቀቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤቲፒ የጥንድ ውድድሩን ለነጠላ ተጫዋቾች እንዲያደላ አድርጎ ደንብ ሲያወጣ፣ ከ40 የሚበልጡ የጥንድ ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ከሰሱት። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ጨዋታውም አጠር ብሎ በሕይወት ቀጠለ። ዛሬ ሦስተኛ ሴት የለም፤ በምትኩ እስከ 10 የሚቆጠር ታይብሬክ ይጫወታሉ።

ከዚህ ከተናቀ በር የገቡትን ተመልከቱ። ሮሃን ቦፓና ከሕንድ የቡና አምራች አካባቢ ከኩርግ የመጣ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። በነጠላ ከዓለም 200 ምርጦች ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በጥንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2024፣ በ43 ዓመቱ፣ የአውስትራሊያ ኦፕንን አሸነፈ፤ የዓለም ቁጥር አንድም ሆነ። ቡና የጅማና የይርጋጨፌ ልጅም አለው፤ የጠፋው ወደ ሜዳው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ከዚሁ ከአፍሪካም የዚምባብዌዎቹ ዌይን ብላክና ኬቨን ኡሌት እ.ኤ.አ. በ2001 የዩኤስ ኦፕንን፣ በ2005 የአውስትራሊያ ኦፕንን በጥንድ ወስደዋል።

ሌላው ጥቅም በሜትር ይለካል። የቴኒስ ሜዳ ርዝመቱ 23.77 ሜትር ነው። ለነጠላ ስፋቱ 8.23፣ ለጥንድ 10.97 ሜትር ነው። በግራና በቀኝ 1.37 ሜትር ሲጨመር በአንድ መረብ ላይ በሁለት ልጅ ፈንታ አራት ልጅ ይጫወታል። ሜዳ በጣት በሚቆጠርበት አገር ልጆችን በነጠላ ብቻ ማሠልጠን ብክነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የ«ታሪኩና ደስታ» ፕሮጀክትን ያቆሙት ሁለት ወንድማማቾች ቴኒስን ከትምህርት ጋር አያይዘው ለድሃ ልጆች ሰጥተዋል። ሁለት ሰው ይህን ከሠራ፣ በጀትና ማኅተም ያለው አካል ምን ይመልሳል?

የፎገራ ገበሬ ይህን ለመረዳት ሴሚናር አያስፈልገውም። ሩዙ ሲደርስ ብቻዬን አጭጄ ልጨርስ አይልም፤ ወንፈል ይጠራል። ዛሬ ለእሱ ያጨደለት ጎረቤት ነገ ብድሩን ያገኛል። ጥንድ ቴኒስም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ሰርቭ ሲመታ ሌላው መረቡን ይጠብቃል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይሸፍናል። ኢትዮጵያ በሩጫ እንኳ የከበረችው በመተጋገዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ተከታትለው የገቡት ብቻ ለብቻ ሮጠው አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ በየስብሰባው የሚተርት ባለሥልጣን ስፖርት ላይ ሲደርስ ለምን ብቸኛ ጀግና ይጠብቃል?

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በግጭት ውስጥ ነው። ማዳበሪያና መድኃኒት በሚያሳስብበት ጊዜ የወረታ ሰው ስለ ቴኒስ ይስማ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከማዳበሪያ ገንዘብ ላይ አንዲት ሳንቲም መነካት የለበትም። ግን ስፖርት የራሱ በጀት፣ የራሱ ፌዴሬሽን፣ የራሱ ስፖንሰር አለው። ክርክሩ ያ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚል ነው።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2010 ሕንዳዊው ቦፓናና ፓኪስታናዊው አይሳም ቁሬሺ፣ በተደጋጋሚ የተዋጉ የሁለት አገሮች ልጆች፣ በአንድ ጥንድ ሆነው የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ደርሰዋል። በዚያ ውድድር የሁለቱ አገሮች የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለከቷቸው። ከዚያ በፊት ሁለቱ ልጆች በቻሌንጀር አብረው ዋንጫ አንስተዋል። ጥንድ ቴኒስ ጦርነት አያስቆምም፤ አላስቆመምም። ነገር ግን የጎንደርና የአምቦ፣ የመቀሌና የሰመራ ልጅ በአንድ ወገን ቆመው አንድ ነጥብ የሚያገኙበት ሜዳ ዛሬ በዚህ አገር ስንት አለ?

ስለዚህ የሚጠየቀው ስታዲየም አይደለም። የኢትዮጵያ ቴኒስ ፌዴሬሽን ቻሌንጀር 50ን ለማዘጋጀት ቀን ቆርጦ በይፋ ይናገር። ዋይልድ ካርዱ ለአዲስ አበባ ክለቦች ልጆች ብቻ ሳይሆን በክልል ውድድር ላሸነፉ ጥንዶች ይሰጥ። ክልሎችም በትምህርት ቤት ጨዋታዎች ላይ ጥንድ ቴኒስን ያስገቡ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ኮከብ እስኪወልድ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ኳስ አቀባዩ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሌሎችን ኳስ ሲለቅም ይኖራል። ጥፋቱም የልጁ አይሆንም።