ሁለቱ ጭሶችና የሆርሞኑ ነገር

በዚህ ወር የምንወያየው ወላጆች ደጋግመው ስለሚያነሡብን አንድ ጥያቄ ነው። «ሲጋራና ካናቢስ አብሮ የሚያጨስ ሰው በሆርሞን ይድናል ይባላል፤ እውነት ነውን?» ይሉናል።

ጉዳዩ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ቤተሰብ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሲጋራን በነጠላ መሸጥም ሆነ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ተከልክሏል። ካናቢስን ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 መጠቀሙን ጭምር ያስቀጣል። አእምሮን የሚያደነዝዝ ነገር በሸሪዓ ሐራም መሆኑም ከአንባቢያን የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ክልከላውን ማወቅ ብቻውን ሐራራን አያጠፋም።

ሁለቱን አብሮ የሚያጨስ ሰው አንዱን ብቻ ከሚያጨሰው ይልቅ ለማቆም ይቸገራል። ምክንያቱም አንዱ ሌላውን ይጠራል፤ የሲጋራው ሽታ፣ መለኮሱና የጓደኞች ስብስብ የዕፁን ሐራራ ይቀሰቅሳሉ። ትምባሆና ካናቢስ ቀላቅሎ የሚጠቀልል ሰውም የኒኮቲን ሱሰኛ መሆኑን ላያውቀው ይችላል።

ወደ ሆርሞኑ እንመለስ። ፕሮጄስተሮን በሴቶች ሰውነት ውስጥ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ከወር አበባ ዑደት አጋማሽ በኋላ ይጨምራል፤ በእርግዝና ጊዜ እጅግ ከፍ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በፍጥነት ይወርዳል። ሰውነት ከዚህ ሆርሞን የሚሠራው አንድ ንጥረ ነገር አንጎልን የማረጋጋት ባሕርይ አለው። በአሜሪካ በየልና በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህን መነሻ አድርገው፣ በእርግዝና ምክንያት ሲጋራ ያቆሙ እናቶች ከወለዱ በኋላ ወደ ማጨስ እንዳይመለሱ ፕሮጄስተሮን ሰጥተው ሞክረዋል። ሁለቱንም ጭስ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ሆርሞኑን የመፈተሽ ሐሳብም ከዚሁ የፈለቀ ነው። ነገር ግን ሙከራዎቹ ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉ በመሆናቸው የመጨረሻ ፍርድ አይሰጡም። እስካሁን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለካናቢስ ሱስ ያጸደቀው አንድም መድኃኒት የለም።

ስለዚህ እህቶቻችን ይጠንቀቁ! ለወሊድ መቆጣጠሪያ የሚሰጠው መርፌና እንክብል በሙከራው ላይ ከዋለው ሆርሞን ጋር አንድ አይደለም። ይልቁንም ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ለምታጨስ ሴት፣ በተለይ ዕድሜዋ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ደም በሥሯ ውስጥ እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ሆርሞን ገዝቶ ለልጅ መስጠት ደግሞ ጨርሶ የሚሞከር አይደለም።

ልጃቸውን ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደው «ዕፁ በላብ ይወጣለታል» የሚሉም አይጠፉም። የካናቢስ ንጥረ ነገር በስብ ውስጥ ስለሚከማች በላብ ታጥቦ አያልቅም። ለረጅም ጊዜ ያጨሱ አንዳንዶች ግን የማያቋርጥ ትውከት ይይዛቸዋል፤ ሙቅ ውሃም ለጊዜው ያስታግስላቸዋል። ትውከቱ ውሃ ሲነካው ጋብ ካለ ዳነ አትበሉ፤ የሚቆመው ማጨሱ ሲቆም ነውና ሐኪም ይየው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁለቱንም ጭስ በአንድ ዕቅድ መያዝ ይበጃል። የኒኮቲን ሐራራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይበረታል፤ የካናቢሱ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠናና ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊዘልቅ ይችላል። በዚህ ወቅት ልጁ እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይጠላል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ አባት ቁጣውን ድፍረት አድርጎ ያየውና ልጁን ያባርረዋል፤ ልጁም ወደ ለኳሾቹ ይመለሳል። ወላጆች ሆይ፣ እነዚያን ሳምንታት ታገሡ። ልጁ ከቤት እንዳይርቅ፣ ሌሊቱንም ብቻውን እንዳያሳልፍ አድርጉ። በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ እዚያ መሄድም ነውር አይደለም።

ሆርሞኑ አንድ ቀን ተፈትኖ ቢያልፍ እሰየው። እስከዚያው ምክር፣ ሐኪምና የቤተሰብ ትዕግሥት በእጃችን አሉ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላም።