«ነገ ያልቃል» ስንት ያስከፍላል?

መቱም ሆነ ጎሬ ወይም ያዮ፣ ቤቱን ያስጠገነ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል፦ «ጋሼ አይጨነቁ፣ ነገ ያልቃል።» ነገ ይደርሳል፣ ሥራው ግን አያልቅም። ባለቤቱ «ውሸታም ነው» ብሎ ለጎረቤት ያወራል። ወጣቱ ባለሙያ ደግሞ ቀብዱን ጨርሶ በነፃ ይሠራል።

እኔ ጀማሪ ባለሙያዎች አውቀው ይዋሻሉ ብዬ አላምንም። ችግሩ የሚቆጥሩት የእጃቸውን ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። የሚያፈስ ቧንቧ መቀየር በእርግጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል። ግን ጌት ቫልቩ ዝጎ አልዘጋ ሲል፣ የድሮው ቱቦ ልክ ገበያ ላይ ሲጠፋ፣ የተፈነቀለው ግድግዳ እንደገና መለሰን ሲኖርበት፣ አንዷ ሰዓት ሁለት ቀን ትሆናለች።

ይህ የእኛ ልጆች ጉድ ብቻ አይደለም። ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ስም አውጥተውለታል፤ «የዕቅድ ስህተት» ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገምተው 55 ቀን ገደማ ፈጅቶባቸዋል። እንደ አገርም እናውቀዋለን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም መሠረቱ ሲጣል በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል የተባለው የህዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ነው።

ኢሉባቦር ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። ዝናቡ በአገሪቱ ብዙ ከሚዘንብባቸው አካባቢዎች አንዱ ያደርገዋል፤ በክረምቱ ልስን ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለምም ይላጣል። ዝናቡ ጋብ ሲል ቡና ለቀማ ይደርሳል። ሰው እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ያኔ ስለሆነ ሁሉም ቤቱን ማስጠገን የሚፈልገው በአንድ ሰሞን ነው። ረዳት የሚሆነው የቀን ሠራተኛ ግን ያን ሰሞን ቡና ውስጥ ነው። መቱ ያልተገኘ ዕቃም ከጅማ፣ አለዚያም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው አዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ያልቆጠረ ቀጠሮ ቀጠሮ ሳይሆን ምኞት ነው።

ኪሳራውም በቁጥር ይታያል። በ2,000 ብር ቁርጥ ዋጋ የተያዘ የሁለት ቀን ሥራ አራት ቀን ቢፈጅ የቀን ገቢው ከ1,000 ብር ወደ 500 ይወርዳል። በዚያ ላይ ተራ የሚጠብቀው ደንበኛ ይሄዳል።

መፍትሔው አንድ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ቀን አልኩ? ስንት ቀን ፈጀ? ያዘገየኝ ምንድን ነው? አስር ሥራ ከተመዘገበ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። «አንድ ቀን» የተባለው ሁሉ ሁለት ቀን ከሆነ፣ ለአስራ አንደኛው ሁለት ቀን ማለት ነው። ሥራውን በዓይን ሳያዩ በስልክ ቀን አለመቁረጥም ያስፈልጋል። ሲቆርጡም የእጅ ሥራውን፣ ዕቃ ፍለጋውን፣ መድረቂያውን እና መንገዱን ለየብቻ መቁጠር ነው።

«ረጅም ቀን ከተናገርኩ ሥራውን ሌላ ይወስደዋል» የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፣ ጥፋቱም የእኛ የአሠሪዎቹ ነው። «አራት ቀን» ያለውን ትተን «ነገ» ያለውን የምንቀጥር እኛ ነን፤ ከዚያ አራተኛው ቀን ላይ እንሳደባለን። «መቼ ያልቃል?» ብለን ብቻ ከመጠየቅ «ምን ሊያዘገየው ይችላል?» እንበል። ለዚህ መልስ ያለው ባለሙያ ሥራውን አስቦበታል። ክፍያውንም በተጠናቀቀ ደረጃ እንክፈለው፤ ያኔ እሱም ቀብድ ፍለጋ ሌላ ሥራ ደርቦ አይዝም።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል፦ መቱ ትንሽ ከተማ ናት፣ ወሬ በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ይዳረሳል። «ባለው ቀን ይጨርሳል» መባል ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። አራት ቀን ብሎ በሦስተኛው ያስረከበ ይመረቃል፤ አንድ ቀን ብሎ በሦስተኛው ያስረከበ ይረገማል። ሁለቱም የሠሩት ሦስት ቀን ነው።