የራኬት ተጫዋች በስታዲየም ዙር አይመዘን

የእግር ኳስ ዳኞች ብቃት ለረጅም ዓመታት ሲለካ የኖረው በ«ኩፐር ቴስት» ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔዝ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ያደረጉት ይህ ፈተና ሰውን 12 ደቂቃ አስሮጦ የሸፈነውን ርቀት መለካት ነው። ፊፋ ግን በ2000ዎቹ አጋማሽ ፈተናውን ቀየረው። ዳኛ በጨዋታ ላይ 12 ደቂቃ ሙሉ በአንድ ፍጥነት አይሮጥማ! በምትኩ ስድስት ጊዜ የ40 ሜትር ፈጣን ሩጫ፣ ከዚያም በአጭር እረፍት የሚደጋገም የ150 ሜትር ሩጫ መጣ።

ታዲያ ለዳኛ የታሰበው ለቴኒስ፣ ለጠረጴዛ ቴኒስና ለባድሜንተን ተጫዋች ለምን አይታሰብም? የኃይሌና የቀነኒሳ አገር ስለሆነ ይሆናል፣ «ጉልበት አለው» የሚባለው ስታዲየሙን ደጋግሞ የዞረ ነው። በራኬቱ ተጋጣሚውን የሚያስጨንቅ ልጅ በዙር ወደኋላ ስለቀረ ብቻ «ፊትነስ የለውም» ተብሎ ከምርጫ ከተቀነሰ ግን የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑም ነው።

የራኬት ጨዋታ ጠባዩ ሌላ ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ርዝመቱ 2.74 ሜትር ነው፤ ተጫዋቹ ከኋላው ሆኖ በአጭር የጎን እርምጃ ወዲህ ወዲያ ይላል። የባድሜንተን ተጫዋች የሚጠብቀው የሜዳ ግማሽ ርዝመቱ 6.70 ሜትር ብቻ ነው፤ እዚያች ውስጥ ግን ይዘላል፣ ያጎነብሳል፣ በድንገት ቆሞ ይዞራል። በቴኒስም አንድ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ አጭር እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ይህን ሁሉ የዙር ሩጫ አይናገርም።

ነገሩ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የስኳሽ ተጫዋቾችን በመሮጫ ማሽንም በኮርት ውስጥም ፈትኖ ነበር። ከተጫዋቾቹ ደረጃ ጋር ይበልጥ የገጠመው የኮርቱ ፈተና ውጤት ሆነ።

ለድሬዳዋ ልጆች ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ከተማቸው 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አንዱ ከሙቀት፣ ሌላው ከስስ አየር ጋር እየታገለ የሮጠውን 12 ደቂቃ ጎን ለጎን አስቀምጦ መምረጥ ምን ይሉታል? የድሬ ልጅ «አቦ ተዉን!» ቢል አይፈረድበትም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ግማሽ የባድሜንተን ሜዳ በኖራ ይሰመርና ስድስት ቦታዎች ቁጥር ይሰጣቸዋል። አሠልጣኙ ቁጥር ሲጠራ ተጫዋቹ ራኬቱን እንደያዘ እዚያ ይደርሳል፣ እንደሚመታ ይወነጭፋል፣ ወደ መሃል ይመለሳል። 20 ሰከንድ ሥራ፣ 20 ሰከንድ እረፍት፤ ጥሪው እየፈጠነ ሄዶ ተጫዋቹ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲዘገይ ያበቃል። ፊሽካ፣ የእጅ ሰዓትና ደብተር በቂ ነው። ላቦራቶሪ ስለማይፈልግም በከተማው ስታዲየም ብቻ ሳይሆን ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ሐርላም ይሠራል። ዋናው ነገር ሜዳውን፣ ሰዓቱንና አሠራሩን ሳይቀያይሩ ከወር በኋላ ደግሞ ልጁን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ማስተያየት ነው።

ሩጫ ይቅር የሚል የለም፤ ትንፋሽ ለማንም ያስፈልጋል። ይህ ፈተናም ቢሆን የእጅና የዓይን ችሎታን አይለካም፤ እሱ የሚታየው በጨዋታ ነው። ነገር ግን ፌዴሬሽኖችና አሠልጣኞች የአንድን ወጣት ስም ከዝርዝር ከመሰረዛቸው በፊት በሚጫወተው ጨዋታ ሊፈትኑት ይገባል። እግር ኳሱ ለዳኛው ያደረገውን ራኬቱ ለተጫዋቹ ቢያደርግ ምኑ ይከብዳል?