ወረቀቱና ቧንቧው

ሴፕቴምበር 9 ቀን 2010 ምሽት ላይ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ብሩኖ ከተማ፣ ከመንደር ሥር የተቀበረ ትልቅ የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ። 8 ሰዎች ሞቱ፤ 38 ቤቶች ወደሙ። አየር ማረፊያው ቅርብ ነውና ብዙ ሰው አውሮፕላን የወደቀ መስሎት ነበር። መዝጊያዎቹ ዘንድ ሰው በመኪና ሄዶ በእጁ መዝጋት ስለነበረበት ጋዙ እስኪቆም 95 ደቂቃ ፈጀ።

መርማሪዎችን ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ወረቀቱ ነው። በኩባንያው መዝገብ ቧንቧው ብየዳ የሌለው ወጥ ብረት ነው ይላል። ከጉድጓዱ የወጣው በ1956 የተቀበረ፣ ከአጫጭር ቁራጮች የተቀጣጠለ፣ ብየዳው ከውስጥ በኩል ያልተሟላ ቧንቧ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የቧንቧ ደኅንነት መሐንዲስ ሥራ ግማሹ መዝገብ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መቼ ተቀበረ? ማን በየደው? በውኃ ግፊት ተፈትኗል ወይ? መልስ ከጠፋ አንድም ግፊቱን መቀነስ፣ አንድም ቆፍሮ ማየት ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይበላሉ፤ አለቆች መቼም ይህን ጥያቄ አይወዱትም።

አሜሪካ ውስጥ አጥር ሊያቆም ወይም ዛፍ ሊተክል ጓሮውን የሚቆፍር ወገን አስቀድሞ 811 ይደውል፤ በነፃ መጥተው መስመሩን በቀለም ያመለክታሉ። ቤት ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከመጣ ደግሞ መብራት ሳይነኩ ወጥቶ፣ ራቅ ብሎ ከደጅ መደወል ነው።