«ቤት ነው ያለው» አትበሉ

ዛሬ ትንሽ ብቆጣ እንዳትቀየሙኝ።

በየለቅሶውና በየሠርጉ የምሰማው ንግግር አለ። «የእኔ ልጅ እኮ ከኮሮና ወዲህ ቤት ነው ያለው፤ ቁጭ ብሎ በኮምፒዩተር ያወራል፣ ደመወዝ ይገባለታል።» እንደ ሥራ ፈት ነው የምናየው። የቢቱዋህ ለኡሚ ሚክታቭ ሲመጣ «ና አንብብልኝ»፣ ኩፓት ሆሊም ቶር ሲኖር «አንተ ቤት ስላለህ አድርሰኝ»። ፋብሪካ የሚሠራውን ወንድሙን ማንም አይጠራውም። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ይብስባታል፤ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እያለ ወጥ ታማስላለች። (እኔም በልጅነቴ የመጣሁ ነኝ፣ የሰፈሩን ሚክታቭ እያነበብኩ ነው ያደግሁት። ድካሙን አውቀዋለሁ።)

ለመሆኑ ቤት ውስጥ መሥራት ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ጎንደር እያለን አባቶቻችን ብረት የቀጠቀጡት፣ ሸማ የሸመኑት፣ እናቶቻችን ሸክላ የሠሩት ከቤታቸው ሳይርቁ ነበር። በዚያው ሙያ «ቡዳ» ተብለናል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ሸማኔው መቼ እንደሚነሳ ራሱ ያውቃል። ጎረቤት አጠገቡ ቁጭ ይላል፣ ቡና ይደርሳል። ዓርብ ሲመሽ መወርወሪያውን ያስቀምጣል፣ አለቀ።

ከቤቱ ሆኖ ሞከድ የሚሠራው ልጅ ከዚህ አንዱም የለውም። አንዱ ደዋይ ሲዘጋ ሌላው ይገባል። ለሽንት ቢነሳ ኮምፒዩተሩ ይቆጥርበታል። ሰው ሲሰድበው «ተወው ባክህ» የሚል ጓደኛ አጠገቡ የለም። ማታ ራት ላይ ደግሞ አለቃው በዋትስአፕ ይጽፍለታል።

ሮበርት ካራሴክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1979 ጽፎታል፤ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፣ ብዙ እየተጠየቀ በገዛ ሥራው ላይ መወሰን አለመቻሉ ነው። እናንተ ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። በካብላን ሥር ጽዳት የሠራችሁ እናቶች ስንቴ ነግራችሁኛል፤ ከወገቡ ሕመም ይልቅ ያቃጠላችሁ፣ ሳትጠየቁ «ነገ ሌላ ቦታ ሂጂ» መባሉ ነው። የልጃችሁም ሕመም የዚያው ዘመድ ነው። እሱ ማዝጋን ሥር ስለተቀመጠ ብቻ አይታያችሁም።

አሠሪዎቹም «ቤትህ ሆነህ እንድትሠራ ፈቀድንልህ» ይላሉ፣ ስጦታ እንደሰጡ። ክፍሉ የማን ነው? መብራቱስ? የ1951ዱ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ሕግ በሳምንት ቢያንስ 36 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣል። እዚያው ውስጥ ግን አንዲት ቀዳዳ አለች፤ አሠሪው ሰዓቱን ሊቆጣጠር የማይችለው ሠራተኛ ከሕጉ ውጭ ነው ትላለች። በእሷ ተደግፎ «ቤቱ ነው፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ በምን አውቃለሁ?» የሚል አሠሪ አለ፣ ሻኦት ኖሳፎት ላለመክፈል። ደቂቃ የሚቆጥር ኮምፒዩተር አቁሞ አላውቅም ማለት ምን የሚሉት ነው?

ከቤት መሥራት ይቅር አላልኩም። ልጇን ከጋን ለምታወጣ እናት፣ በየቀኑ አውቶቡስ ላይ ለሚያልቅ ሰው፣ ትልቅ ነገር ነው። ሰዓቱ ይታወቅ፣ በር ይኑረው ነው የምለው።

እናንተም ሚክታቮቹን ሰብስባችሁ ለማታ አቆዩለት። በሩ ከተዘጋ አታንኳኩ። ኮምፒዩተሩን ሲዘጋ ግን ቡና ላይ ጥሩት፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አልተቀመጠም። ትሉሹንም አሳየን በሉት። እየሠራ የሻኦት ኖሳፎት ቦታ ባዶ ከሆነ ይዞልኝ ይምጣ፣ አብረን እናነበዋለን።